ባልትና በራሽን ዘመን፦ የእንግሊዝ የቤት እመቤቶች ከ1914 እስከ 1954

በአዲስ አበባ ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ቅጥር ግቢ ያረፉትን ሲልቪያ ፓንክረስትን የኢትዮጵያ ሰው የሚያስታውሳቸው ፋሺስት ኢጣሊያን በብዕራቸው በመፋለማቸው ነው። ከዚያ ሃያ ዓመት ቀደም ብሎ ግን እኚሁ ሴት በምሥራቅ ለንደን የሠራተኞች ሰፈር ድስት አስጥደው ጎረቤት ይመግቡ ነበር። ጊዜው እ.ኤ.አ. 1914 ነው፤ በዚህ ትረካ የሚነሱት ዓመታትና ወራት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

በነሐሴ ወር የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ሲታወጅ የምግብ ዋጋ ወዲያው ናረ። ፋብሪካዎች ሥራ ሲያቆሙ ብዙ ሴቶች ከሥራ ወጡ፤ ባል የዘመተባቸውም የተቆረጠላቸው ገንዘብ ቶሎ አልደረሳቸውም። ሲልቪያና ባልደረቦቻቸው በቦው ሰፈር፣ በኦልድ ፎርድ ጎዳና፣ ትርፍ የማይያዝበት ምግብ ቤት ከፈቱ። ለአዋቂ ሁለት ፔኒ፣ ለልጅ አንድ ፔኒ ይከፈላል፤ መክፈል ላልቻለ ነፃ ትኬት ይሰጠዋል። በቀጣዩ ዓመት ደግሞ አንድ መጠጥ ቤት ይዘው የሕፃናት መዋያና የእናቶች ክሊኒክ አደረጉት። ሥራው እርዳታ ብቻ አልነበረም። አሥር ጎረቤት በአሥር ምድጃ የሚያቃጥለው የድንጋይ ከሰል በአንድ ትልቅ ድስት ሲሆን ምን ያህል እንደሚተርፍ፣ በአሥር ሴት ላይ የተከፋፈለው ድካምም እንዴት እንደሚቀልል በተግባር የታየበት ነበር።

ጦርነቱ በረዘመ ቁጥር ችግሩ ከድሃ ሰፈር አልፎ አገሩን አዳረሰ። እንግሊዝ ከምትበላው ብዙውን በመርከብ የምታስገባ ደሴት ናት። በ1917 የጀርመን ባሕር ሰርጓጅ መርከቦች የጭነት መርከቦችን እያሰመጡ መንገዱን ሲዘጉባት፣ የስኳርና የማርጋሪን ወረፋ በየጎዳናው ተዘረጋ። በዚያው ዓመት ግንቦት ንግሥት ሜሪ በለንደን ዌስትሚንስተር ብሪጅ ጎዳና የመጀመሪያውን ብሔራዊ ወጥ ቤት መርቀው ከፈቱ፤ የጋራው ድስት ከበጎ ፈቃደኞች እጅ አልፎ የመንግሥት ሥራ ሆነ ማለት ነው። ራሽን ግን የመጣው በ1918፣ ጦርነቱ ሊያበቃ ወራት ሲቀሩት ነው። ገንዘብ ያለው ሸምቶ ካከማቸ፣ የሌለው ተሰልፎ ባዶ እጁን ከተመለሰ በኋላ የደረሰ ድልድል ነበር። መንግሥት ከዚህ አንድ ነገር ተማረ፤ ሌላ ክፉ ቀን ቢመጣ ደብተሩ አስቀድሞ ታትሞ መቀመጥ ነበረበት።

የእናት ድርሻ

በሁለቱ ጦርነቶች መካከል የኢኮኖሚ ድቀት መጣ። ስለ ድሮ ቤት አያያዝ ስናወራ ቶሎ ትዝ የምትለን በጥቂት ገንዘብ ብዙ ልጅ ያሳደገች ቆጣቢ እናት ናት። በ1930ዎቹ ስለ እሷ የተጻፈውን ያነበበ ሰው ግን ይደነግጣል። የሥነ ምግብ ሊቁ ጆን ቦይድ ኦር በ1936 ባሳተሙት ጥናት ከአገሩ ሕዝብ ግማሽ ያህሉ ለተሟላ ጤና የሚበቃ ምግብ እንደማያገኝ አሳዩ። ከሦስት ዓመት በኋላ ማርጀሪ ስፕሪንግ ራይስ የ1,250 የሠራተኛ ሚስቶችን ኑሮ የሚመረምር መጽሐፍ አወጡ። የመጽሐፉ ታሪክ ለሐበሻ እናት ልጅ እንግዳ አይሆንም። የተሻለው ምግብ ለሠራተኛው ባል፣ ቀጥሎ ለልጆች ይቀርባል፤ እናት በዳቦና በሻይ ትውላለች። ሕመሟንም ለሐኪም ሳትናገር ዓመታት ታሳልፋለች።

ይህ ሁሉ ቁጠባ እየተባለ ተመስግኖበታል። እኔ ቁጠባ ልለው አልችልም። የተቆጠበው ከእናትየዋ ሆድ ነበር፤ ዕዳውንም የከፈለችው በደም ማነስ፣ በወሊድ ጣጣና ያለ ዕድሜዋ በማርጀት ነው። ቀጥሎ የመጣውን የራሽን ዘመን ደጋግሜ እንዳነብ የሚያደርገኝም ይኸው ነው። በዚያ ዘመን ምግብ ከበፊቱ አነሰ፤ እናት ግን በስሟ የተጻፈ ድርሻ አገኘች።

ስም ያለው ደብተር

መስከረም 3 ቀን 1939 እንግሊዝ ጦርነት አወጀች። በዚያው ወር በ29ኛው ቀን በየቤቱ ያለው ሰው ሁሉ ተቆጠረ፤ በቆጠራው መሠረት ለእያንዳንዱ፣ ለሕፃኑም ለአዛውንቱም፣ የራሽን ደብተር ተሰጠ። የቤት እመቤቷ የቤተሰቡን ደብተሮች ይዛ ከሰፈሯ ባለሱቆች አንዱን መርጣ ትመዘገባለች። ባለሱቁም በተመዘገቡለት ሰዎች ልክ ዕቃ ይላክለታል። በደርግ ዘመን የቀበሌ ሱቅ ኩፖን ይዞ የተሰለፈ አንባቢ ነገሩን ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ አያሻውም።

ድልድሉ የጀመረው ጥር 8 ቀን 1940 ነው። ለአንድ ሰው በሳምንት 113 ግራም ቅቤ፣ 113 ግራም ቤከን እና 340 ግራም ስኳር ተፈቀደ። በመጋቢት ሥጋ፣ በሐምሌ ሻይ፣ ማርጋሪንና የምግብ ስብ ተከተሉ። የሻይ ድርሻ 57 ግራም ነበር፤ ቀኑን ሙሉ ሻይ ለሚጠጣ ሕዝብ ይህ ትልቅ ቅጣት ነው። አፄ ኃይለ ሥላሴ ያን ጊዜ በስደት ባዝ ከተማ፣ ፌርፊልድ ሃውስ በተባለው ቤት ነበሩና የራሽኑ የመጀመሪያ ወራት እዚያው እያሉ አለፉ፤ ወደ ሱዳን የተነሱት በዚያው ዓመት ሰኔ ነው።

በሥጋው ድልድል ውስጥ አንድ ብልሃት ነበር። ሌላው ዕቃ በክብደት ሲደለደል ሥጋ የተደለደለው በዋጋ ነው። ውድ ብልት የመረጠ ሰው ትንሽ ይዞ ይገባል፤ አጥንት ያለበትንና ጠንካራውን ብልት መርጣ ቀስ አድርጋ መቀቀል የምታውቅ ሴት ግን በዚያው ገንዘብ ብዙ ሥጋ ታገኛለች። ጉበትና ጨጓራ ደግሞ ከራሽን ውጭ ነበሩ። ስለዚህ የቤቱን ማዕድ የሚወስነው ከሁሉ በላይ የእመቤቲቱ ዕውቀት ሆነ፤ እኛ ባልትና የምንለው ማለት ነው።

ይህ ድርሻ ሰውን ያኖራል ወይ የሚለውን ጥያቄ በራሳቸው ሰውነት ላይ የሞከሩ ሰዎች ነበሩ። በካምብሪጅ ኤልሲ ዊዶውሰንና ሮበርት ማካንስ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ከባልደረቦቻቸው ጋር ለሦስት ወራት ሥጋ፣ ቅቤ፣ ወተትና ስኳር እጅግ ቀንሰው፣ በሳምንት አንድ እንቁላል ብቻ እየበሉ፣ ዳቦ፣ ድንችና ጎመን ግን እስኪጠግቡ እየተመገቡ ኖሩ። ከዚያም ወደ ሰሜን፣ የሐይቆች አውራጃ ወደሚባለው ተራራማ አገር ሄደው በብስክሌትና በእግር ጉልበታቸውን ፈተኑ። ጤናቸው አልተጓደለም። በምግቡ ውስጥ የጎደለ ሆኖ ያገኙት ካልሲየም ስለነበር ኋላ ላይ በዳቦ ዱቄት ውስጥ እንዲጨመር ተደረገ።

የወጥ ቤት ትምህርት በሬዲዮ

በሚያዝያ 1940 ሎርድ ዉልተን የምግብ ሚኒስትር ሆኑ። ትልልቅ የመደብር ሱቆችን ያስተዳደሩ ነጋዴ ስለነበሩ ገበያ የምትወጣ ሴት ምን እንደምትፈልግ ያውቃሉ። መሥሪያ ቤታቸው ከሥነ ምግብ ሊቁ ከጃክ ድራሞንድ ጋር እየመከረ ትምህርቱን ወደየቤቱ ላከ። ጠዋት ጠዋት ከሁለት ሰዓት ከሩብ ላይ፣ እመቤቶች ወደ ገበያ ከመውጣታቸው በፊት፣ በቢቢሲ ሬዲዮ «ኪችን ፍሮንት» የሚል የአምስት ደቂቃ ዝግጅት ይተላለፍ ነበር። ኤልሲና ዶሪስ ዋተርስ የተባሉ እህትማማች ኮሜዲያን ገርትና ዴይዚ በሚል የመድረክ ስማቸው እያሳቁ ያስተምራሉ። በየከተማው የምግብ ምክር ጣቢያ ተከፈተ፤ በኋላ እጅግ የታወቁት የወጥ ቤት መምህርት ማርገሪት ፓተን በለንደኑ ሃሮድስ መደብር ውስጥ ያስተምሩ ነበር።

የሚሰጠው ምክር ጥቃቅን ነው፤ ጥቅሙም ያለው እዚያው ላይ ነው። ድንች ከነልጣጩ ይቀቀል፤ ሲላጥ የሚጣለው ብዙ ነው። ጎመን በጥቂት ውኃ፣ ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ይብሰል፤ የተቀቀለበት ውኃ ሳይደፋ ለሾርባ ይዋል። ቅቤ የተጠቀለለበት ወረቀት ተቀምጦ የዳቦ መጋገሪያውን ቆርቆሮ ይቀባ። የደረቀ ዳቦ ተፈርፍሮ በምድጃ ይድረቅና በማሰሮ ይቀመጥ፤ ነገ ሾርባ ያወፍራል፣ ከነገ ወዲያ ፑዲንግ ይሆናል። እኛ ቤት የተረፈ እንጀራ ድርቆሽ ሆኖ ለፍርፍር እንደሚቆይ ሁሉ፣ እዚያም ዳቦ ሁለተኛና ሦስተኛ ሕይወት ነበረው።

በሚኒስትሩ ስም የተጠራው «ዉልተን ፓይ» የዚያ ዘመን ዝነኛ ምግብ ነው። የፈጠሩት የሳቮይ ሆቴል ዋና ወጥ ሠሪ ፍራንስዋ ላትሪ ነበሩ። ድንች፣ ካሮት፣ አበባ ጎመንና የሽንኩርት ቅጠል ተከትፈው በጥቂት አጃ ይቀቀላሉ፤ በላያቸው ሊጥ ወይም የተፈጨ ድንች ተደፍቶ ይጋገራል። ሥጋ የለበትም። ብዙ ሰው ሳይወደው በላው፤ ሆዱን ግን ሞላው።

ከሁሉ የሚገርመኝ ደግሞ የሣር ሣጥኑ ነው። የድንጋይ ከሰልና ጋዝ መቆጠብ ግድ በሆነበት ጊዜ ሚኒስቴሩ አንድ የቆየ ዘዴን በሰፊው አስተማረ። ክዳን ያለው የእንጨት ሣጥን ይፈለጋል። ውስጡ በጋዜጣ ወረቀት ይለበድና ደረቅ ሣር ታጭቆ ይሞላበታል፤ መሐሉ ላይ ለድስቱ ልክ ጎድጓዳ ቦታ ይተዋል። በሣር የተሞላ ትራስ ደግሞ ለላይኛው መክደኛ ይሰፋል። ድስቱ እሳት ላይ በደንብ ከፈላ በኋላ ክዳኑ ሳይነሳ ወደ ጎድጓዳው ይገባል፣ ትራሱ ይጫንበታል፣ ሣጥኑ ይዘጋል። ሣሩ ሙቀቱን ስለሚይዘው ወጡ ያለ እሳት ለሰዓታት መብሰሉን ይቀጥላል። ማታ የገባ አጃ ለቁርስ ይደርሳል። ሥጋ ከሆነ ደግሞ ከመቅረቡ በፊት ዳግመኛ እንዲፈላ ይደረጋል። በዚህ መንገድ እሳቱ የሚነደው ለማፍላት ብቻ ነው፤ እናትም ድስት ስትጠብቅ አትውልም፤ ፋብሪካ ሄዳ ወይም ወረፋ ይዛ ትመለሳለች።

ጓሮ፣ ማርማላታና አንሶላ

«ለድል ቆፍሩ» የሚለው ዘመቻ በየጓሮውና በየሜዳው አትክልት አስተከለ። የለንደን ግንብ ዙሪያ ያለው ጥንታዊ ጉድባ ሳይቀር አትክልት በቀለበት። ለከተማ ሰው የሚከራዩት የአትክልት ቁራሽ መሬቶች ከጦርነቱ በፊት ከ800,000 ጥቂት ይበልጡ ነበር፤ በጦርነቱ መሐል ግን ወደ 1.4 ሚሊዮን አደጉ። በ1940 በጋ የፍራፍሬው ምርት ሲበዛ በየገጠሩ የተደራጁት የዊሜንስ ኢንስቲትዩት ሴቶች መንግሥት ስኳር መድቦላቸው በየመንደሩ አዳራሽ ማርማላታ ይሠሩ ጀመር። ከካናዳና ከአሜሪካም የቆርቆሮ ማሸጊያ መሣሪያ ተላከላቸው። ጦርነቱ እስኪያልቅ ከ5,000 ቶን በላይ ፍራፍሬ ከመበስበስ አዳኑ። በየዛፉ ሥር ይወድቅ የነበረ ፕለምና ፖም የከተማ ልጅ ቁርስ ሆነ።

በ1941 ራሽኑ ጠበቀ። ማርማላታ፣ አይብና እንቁላል ተጨመሩበት፤ አይብ በአንድ ወቅት በሳምንት እስከ 28 ግራም ወርዶ ነበር። በዚህ ወቅት ኑሮዋን በዝርዝር ጽፋ ያቆየችልን አንዲት የቤት እመቤት ናት። ወይዘሮ ኔላ ላስት በሰሜን ምዕራብ እንግሊዝ መርከብ በሚሠራባት በባሮው ከተማ የሚኖሩ የአናጢ ሚስትና የሁለት ወንዶች ልጆች እናት ነበሩ። ማስ ኦብዘርቬሽን ለተባለው የሕዝብ ኑሮ ጥናት ከጦርነቱ ዋዜማ ጀምረው ማስታወሻ ይልኩ ነበር። ያን ጊዜ ዕድሜያቸው 49 ነው። ዶሮ ያረባሉ፤ ከቁራጭ ጨርቅ ለሆስፒታል ሕፃናት አሻንጉሊት ይሰፋሉ፤ በሴቶች የበጎ ፈቃድ አገልግሎት ውስጥ ያገለግላሉ፤ ከጥቂት ነገር ጥሩ ማዕድ ማሰናዳታቸውም ያኮራቸዋል። በ1941 ጸደይ ባሮው በቦምብ ስትደበደብ ቤታቸው ተጎዳ፤ ጽሑፋቸውን ግን አላቆሙም። ከሞቱ በኋላ በመጽሐፍ የታተመው ይህ ማስታወሻ ሌላም ነገር ያሳያል። ለዓመታት ቤት ውስጥ ብቻ የኖሩት ሴት፣ ያ የናቁት የጓዳ ሙያቸው ለአገር የሚጠቅም ሆኖ ሲያገኙት ስለ ራሳቸው ያላቸው ግምት ተለወጠ።

በዚያው ዓመት ሰኔ 1 ቀን ልብስም በኩፖን ሆነ። ለአንድ ሰው በዓመት 66 ኩፖን ተሰጠ። የሱፍ ቀሚስ 11፣ የወንድ ጫማ 7፣ የሴት ጫማ 5 ኩፖን ይበላል። ከዓመት ዓመት ድርሻው ቀነሰ። ገንዘብ የሞላው ሰው እንኳ ኩፖኑ ካለቀበት ሱቅ ገብቶ ባዶ እጁን ይወጣል። በ1943 የንግድ ሚኒስቴሩ «ባለሽ ተብቃቂ፣ ያረጀውን አድሺ» እንደ ማለት ያለ ርዕስ የሰጠውን መጽሐፍ አሳተመ። ልብስ ከመቀደዱ በፊት ሲሳሳ እንዲታይና በጊዜ እንዲጣፍ፣ ብል እንዳይበላው እንዴት እንደሚቀመጥ፣ የአባት ኮት ለልጅ እንዴት እንደሚጠብ በሥዕል ያስተምራል።

አንሶላን ብቻ ብናይ ይበቃል። አንሶላ የሚያልቀው መሐሉ ላይ ነው፤ ሰው የሚተኛው እዚያ ነዋ። ዳርና ዳሩ እንደ አዲስ ይቆያል። ስለዚህ መሐሉ ሲሳሳ፣ ገና ሳይቀደድ፣ ከላይ እስከ ታች ለሁለት ይቀደዳል። ጠንካሮቹ ዳሮች ወደ መሐል መጥተው ጠፍጣፋ ስፌት ይሰፉና፣ የሳሳው ክፍል ወደ ውጭ ይወጣል፤ ጫፉ ይቀመቀማል። መሐል ላይ ስፌት ይኖርበታል እንጂ አንሶላው ሌላ ዓመታት ያገለግላል። ሲያበቃለት ደግሞ ትራስ ልብስ፣ ከዚያ የሕፃን መጠቅለያ፣ በመጨረሻም የወለል ጨርቅ ይሆናል። ሹራብም እንዲሁ ነው፤ ይተረተርና ክሩ በወንበር ጀርባ ላይ ይጠቀለላል፣ ታጥቦ ከበድ ያለ ነገር ተንጠልጥሎበት ሲደርቅ ጠመዝማዛነቱ ይለቀዋል፣ ከዚያ በልጁ ልክ እንደገና ይሠራል።

ሁሉም ከአንድ ገበታ

በታኅሣሥ 1941 የነጥብ አሠራር መጣ። የታሸገ ሥጋ፣ ዓሣና የመሳሰለውን ለመግዛት ለአንድ ሰው በአራት ሳምንት 16 ነጥብ ተሰጠው፤ በፈለገው ዕቃ ላይ ያውለዋል። ምርጫ ለእመቤቷ ተመለሰላት፤ ሒሳብ የምታውቅና አስቀድማ የምታቅድ ሴት በነጥቧ ወር ትዘልቃለች። በ1942 ሳሙና ራሽን ውስጥ ገባ። ነጭ ዳቦ ተከልክሎ የስንዴው ፉርሽካ ሙሉ በሙሉ ሳይወጣለት የሚፈጨው «ብሔራዊ ዳቦ» ተተካ፤ መልኩ ግራጫ፣ ጣዕሙ ሻካራ ቢሆንም ለሰውነት ከነጩ ይሻል ነበር። ከአሜሪካ የእንቁላል ዱቄት መጣ፤ አንዱ ፓኬት የ12 እንቁላል ያህል ነው። በመታጠቢያ ገንዳ ላይ ውኃው ከ13 ሴንቲሜትር ገደማ እንዳያልፍ መስመር ይሰመር ተባለ፤ በባኪንግሃም ቤተ መንግሥትም ተሰመረ።

ምግብ ማባከን በሕግ ያስቀጣ ነበር። በ1943 አንዲት ሴት ዳቦ ለወፎች እንዲወረወር በመፍቀዷ 10 ፓውንድ ተቀጣች። የወጥ ቤት ትርፍራፊ በየመንገዱ በቆሙ ገንዳዎች ተሰብስቦ አሳማ ይቀለብበታል።

ሕዝቡ ይህን ሁሉ ዓመት እንዴት ታገሠ? ዋናው መልስ፣ በእኔ እምነት፣ ድርሻው እኩል መሆኑ ነው። የሎርዱ ደብተርና የመርከብ ሠራተኛው ሚስት ደብተር አንድ ዓይነት ቅቤ ያወጣል። ጥቁር ገበያ ነበር፤ የሀብታም ሆቴልም አልጠፋም። ቢሆንም ከ1930ዎቹ ጋር ሲነጻጸር የድሃው ማዕድ ከፍ አለ። ለእርጉዝ ሴቶችና ለሕፃናት ወተት በቅናሽ ወይም በነፃ፣ የብርቱካን ጭማቂና የዓሣ ዘይትም ይታደል ጀመር። ጦርነቱ ሲያበቃ የሕፃናት ሞት ከጦርነቱ በፊት ከነበረው ዝቅ ብሎ ተገኘ። ቦምብ በሚወርድበት፣ ቅቤ በግራም በሚመዘንበት አገር ማለት ነው።

የድካሙን ነገር ግን ማለፍ አይገባም። ከታኅሣሥ 1941 ጀምሮ ከ20 እስከ 30 ዓመት ያሉ ያላገቡ ሴቶች ለብሔራዊ አገልግሎት ግዳጅ ተጠሩ፤ ያገቡትም በብዛት ፋብሪካ ገቡ። ቀን መሣሪያ ሲያመርቱ የዋሉ ሴቶች ማታ ካልሲ ይጥፋሉ፤ በመሐሉ ወረፋ አለ። ያ ሁሉ ቁጠባ በሴቶች ጉልበት የተከፈለ ነው። ሸክሙን ካቃለሉት ነገሮች አንዱ የጋራ ምግብ ቤት ነበር። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ቸርችል «ብሪቲሽ ሬስቶራንት» የሚል ስም የሰጧቸው እነዚህ ቤቶች በ1943 ከ2,000 በላይ ደርሰው ነበር፤ ከአንድ ሺሊንግ በታች ትኩስ ምሳ ይገኝባቸዋል። ኦልድ ፎርድ ጎዳና ላይ በሁለት ፔኒ የተጀመረው አሳብ ሰላሳ ዓመት ሳይሞላው አገር አቀፍ ሆነ።

ከሰላም በኋላ የመጣው ችግር

ጦርነቱ በ1945 ሲያበቃ ሰው ሁሉ ጓዳው የሚሞላ መስሎት ነበር። ነገሩ ግን ባሰ። የአሜሪካ የጦርነት ጊዜ ድጋፍ ተቋረጠ፤ አውሮፓና እስያ ተራቡ። በጦርነቱ ዘመን ያልተነካው ዳቦ በሐምሌ 1946 ራሽን ውስጥ ገባና እስከ 1948 ቆየ። የ1947 ክረምት እጅግ በረታ፤ ድንች ከመሬት ውስጥ በረዶ መታው፣ የድንጋይ ከሰል አጠረ። ሴቶች ታከቱ። የአንድ ቄስ ሚስት የሆኑት አይሪን ላቭሎክ ወረፋው አስመርሯቸው በ1945 የቤት እመቤቶች ማኅበር መሥርተው መንግሥትን ይሞግቱ ጀመር። ስድስት ዓመት በዝምታ የቆጠቡ ሴቶች አሁን ድምፅ አወጡ፤ መብታቸውም ነበር። ሰው ለተረዳው ዓላማ ብዙ ይታገሣል፤ ማብቂያው ያልተነገረው ቁጠባ ግን ትዕግሥትን ይጨርሳል።

ልብስ በ1949 ነፃ ወጣ። ከረሜላና ስኳር በ1953 ተከተሉ። ሥጋ የመጨረሻው ነበር፤ ሐምሌ 4 ቀን 1954 የ14 ዓመቱ ራሽን አበቃ፤ የለንደን የቤት እመቤቶችም በትራፋልጋር አደባባይ በዓል አደረጉበት።

ቀጥሎ ሱፐርማርኬትና ማቀዝቀዣ በየቤቱ ገቡ። እናቶቻቸው በጣፉት ካልሲ ያፈሩ ልጆች መርፌና ክሩን ተዉት፤ የሣር ሣጥኑም ተረሳ። ትውልድ አልፎ ትውልድ ሲተካ ምን እንደ ጠፋ በቁጥር ታየ። በ2008 ራፕ የተባለው የብሪታንያ ድርጅት ባወጣው ጥናት የአገሩ ቤተሰቦች በዓመት 6.7 ሚሊዮን ቶን ምግብ ይጥሉ ነበር፤ ከገዙት ሲሶ ያህሉ ማለት ነው። ዓመቱ የገንዘብ ቀውስ የመጣበት ነበርና ሰው ወደ አያቶቹ ዘመን ዞሮ ማየት ጀመረ። ያረጀው የልብስ ማደሻ መጽሐፍ እንደገና ታተመ፤ በ2010 በለንደኑ ኢምፔሪያል ዋር ሙዚየም ስለ ምግብ ሚኒስቴሩ ትልቅ ዐውደ ርዕይ ተከፈተ።

የዛሬ እመቤት፣ አዲስ አበባም ትኑር ዋሽንግተን ወይም ዱባይ፣ ከዚህ አርባ ዓመት የምትወስደው ብዙ ነገር አለ። ገበያ ከመውጣቷ በፊት ጓዳዋን ታያለች፤ ያለውን ያወቀች ሴት የማያስፈልጋትን አትገዛም። ርካሹን ብልት፣ ጥራጥሬውንና የወቅቱን አትክልት ማጣፈጥ ትማራለች። ሽሮውና ምስሩ አንዴ ከፈላ እሳቱን አጥፍታ ድስቱን በወፍራም ብርድ ልብስ ትጠቀልላለች። ልብስ ሲሳሳ ታየዋለች እንጂ እስኪቀደድ አትጠብቅም። ለድግስ የእድር ድስትና ወንበር መዋስ የለመደ ሕዝብ፣ ለዕለት ምግብም ከጎረቤት ጋር በጅምላ ገዝቶ መካፈልና ተራ ገብቶ አብሮ ማብሰል አያቅተውም።

ከሁሉ በላይ ግን የራሽን ደብተሩን ሕግ ወደ ቤታችን እናስገባ እላለሁ። በ1930ዎቹ እናት ከራሷ እየቀነሰች ቤት አቆመች፤ በ1940ዎቹ ድርሻዋ በስሟ ስለተጻፈ ቤቱም እሷም ቆሙ። ባል መርፌ ይያዝ፣ ልጅ ድንች ይጠብ፣ ሥራው ይከፋፈል። የወሩ አስቤዛ ሲሰላም የእናት ድርሻ ከሁሉ በፊት ይጻፍ።